የቀነስነው ኪሎ ለምን ተመልሶ ይመጣል?

 

ከምሠራበት መድኃኒት ቤት በር አጠገብ አንዲት ሚዛን አለች። ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ ናት፤ ግን በትክክል ትሠራለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ወረፋ ይበዛባታል። አንዱ ረመዷን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሰዉ «ዘንድሮ ጾሙ ያቀልለኛል» እያለ መነሻውን ለማወቅ ይመዘናል። ሁለተኛው ደግሞ ዒድ ካለፈ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚመዘን ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ አያነብም። ቀና ብሎ ወደ እኔ ያይና «ይቺ ሚዛን ግን ልክ ናት?» ይላል።

ልክ ናት።

የዚህ ወር ርዕሳችን ውፍረት ነው፤ ነገር ግን ኪሎ እንዴት እንደሚቀነስ ብዙ አልጽፍም። እሱን ሁሉም ያውቀዋል። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ካነጋገርኳቸው ወፍራም ሰዎች መካከል በሕይወቱ አንዴ እንኳ ኪሎ ቀንሶ የማያውቅ አላገኘሁም ማለት እችላለሁ። አንዱ አምስት ኪሎ፣ ሌላው አሥር ኪሎ ቀንሷል፤ ይህንኑ ሦስትና አራት ጊዜ የደጋገመም አለ። የከበዳቸው የቀነሱትን ይዞ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ነው።

አንዲት ደንበኛችንን ላስተዋውቃችሁ። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። የ54 ዓመት እናት ናቸው። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን በየወሩ ከእኛ ይወስዳሉ። መጀመሪያ ሲመዘኑ 89 ኪሎ ነበሩ። በጠዋት ማርና ሎሚ በሙቅ ውሃ እየጠጡ፣ ምሳ እየዘለሉ አራት ኪሎ ቀነሱ፤ ተመለሰ። ለልጃቸው ኒካሕ ደግሞ ለአርባ ቀን በቀን አንዴ ብቻ እየበሉ ሰባት ኪሎ ቀነሱ፤ ቀሚሱ ልክ ሆነላቸው፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን 91 ነበሩ። በሦስተኛው አንድ ካርቶን ሻይ ይዘው መጡ። ዘመድ ከባሕረ ሰላጤው አገር የላከላቸው የማቅጠኛ ሻይ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ደህና ነው?» አሉኝ።

ካርቶኑ ላይ የቀጠነ ወገብ ሥዕል አለ፤ «ከተፈጥሮ ዕፅዋት የተዘጋጀ» ይላል፤ የአምራቹ አድራሻ ግን የለበትም። እኔም ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም፤ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ 12 ኪሎ ጨምሬ ነበርና እንዲህ ዓይነት ከውጭ የመጣ ቡና እኔም ጠጥቻለሁ። በሦስት ሳምንት አምስት ኪሎ ወረደልኝ። እንቅልፍ ግን አጣሁ። አንድ ቀን ለበሽተኛ ኪኒን ስቆጥር ጣቶቼ ተንቀጠቀጡ፤ ልቤ ደረጃ ሮጦ እንደወጣ ሰው ይመታ ነበር። ያን ቀን ተውኩት። በአራት ወር ውስጥ አምስቱም ኪሎ ተመለሰ፤ ሁለት ደግሞ ጨመረበት። ለሌላው ሰው መድኃኒት ሳድል «ውስጡ ምን አለው?» ብዬ የምጠይቀውን ጥያቄ ለራሴ አልጠየቅኩም።

ይህንኑ ነገርኳቸው። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ እንደሚያባብስ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ግን «የተፈጥሮ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ሻይና ቡናዎች ውስጥ፣ ስሙ ካርቶኑ ላይ ሳይጻፍ፣ በምርመራ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ሌሎቹ ሻዮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው ያለባቸው። የሚቀንሱት ስብ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ከውሃው ጋር ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ይወጣል። የሚያሸና የግፊት ኪኒን ለሚወስድ ሰው ይህ የልብ ምትን እስከማዛባት ይደርሳል። እኚያ እናት ካርቶኑን ይዘው ወጡ። ትንሽ ጠጥተውት እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው። ቆይተው ሲመዘኑ ሚዛኗ 93 አለች።

ሰውነታችን ድርቅ የመጣ ይመስለዋል

ኪሎ ተመልሶ የሚመጣው ሰውየው ሰነፍ ወይም ሆዳም ስለሆነ ነው የሚል አለ። እኔም ድሮ እንደዚያ አስብ ነበር። ሰውነታችን ግን የኒካሕ ዝግጅትን ከድርቅ ዘመን ለይቶ አያውቅም። ምግብ በድንገት ሲቀነስበት ክፉ ቀን የመጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቁጠባ ይጀምራል። ከጨጓራ የሚመነጨው የረኃብ ሆርሞን ይጨምራል። ከስብ የሚመነጨው፣ ለአንጎል «በቂ ስንቅ አለ» ብሎ የሚናገረው ሆርሞን ደግሞ ይቀንሳል። ሰውነት የሚያቃጥለውን ካሎሪም ይቆጥባል። በተለይ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ ሳይበሉ በረኃብ ብቻ ሲቀንሱ ከስቡ ጋር ጡንቻም አብሮ ይሄዳል።

በአሜሪካ በቴሌቪዥን የሚታይ ክብደት የመቀነስ ውድድር ነበር። በአንዱ ዙር የተወዳደሩ 14 ሰዎችን ተመራማሪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። አብዛኞቹ የቀነሱት ክብደት ተመልሶባቸዋል። ሰውነታቸው ደግሞ በእነርሱ ቁመትና ክብደት ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያነሰ ያቃጥል ነበር። አስቡት፤ ውድድሩ ካለቀ ስድስት ዓመት አልፎም ሰውነት ቁጠባውን አልተወም።

የረመዷንም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ ጾመኛው በወሩ ውስጥ በአማካይ አንድ ኪሎ ያህል ይቀንሳል፤ ከዒድ በኋላ ባሉት ሳምንታትም አብዛኛው ይመለሳል። እንግዲህ ሚዛናችን ላይ ጥፋት የለም ማለት ነው። ጾሙ የተደነገገው ኪሎ ለመቀነስ እንዳልሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ እንዲቀንስልን ከፈለግንም ማብቂያ ቀኑ የታወቀ ነገር ከማብቂያው ቀን በላይ አይዘልቅም።

ከሶላት ሰዓት ጋር የታሰረ ነገር

ይሁን እንጂ ረመዷን ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ኢፍጧር የሚረሳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አዛን ሲል እጃችን ወደ ተምሩና ወደ ውሃው ይሄዳል፤ ማንም አስታውሱ አይለንም። ልማድ ማለት ይህ ነው። አንድ የታወቀ ምልክት ሲመጣ ሳያስቡት የሚሠሩት ነገር።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። 96 ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው ከምግብ፣ ከመጠጥ ወይም ከእንቅስቃሴ አንድ ትንሽ ነገር መርጠው በየቀኑ በተመሳሳይ ሁኔታ፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፣ እንዲያደርጉት ተደረገ። ነገሩ ያለ ትግል የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደ፤ አንዳንዱን ደግሞ እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ተገምቷል። ከጥናቱ እኔ በጣም የወደድኩት ግን አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰው መታየቱን ነው። እኛ አንድ ቀን ካበላሸን «በቃ ተበላሸ» ብለን ሁሉንም እንተወዋለን።

ጥቂትም ብትሆን ስለማትቋረጥ ሥራ የተነገረውን ሐዲስ ከመድረሳ ጀምሮ የማናውቅ የለንም። ለጤናችን ስንሆን ግን ጥቂቷን እንንቅና ትልቁን እንጀምራለን፤ ትልቁም በሦስተኛው ሳምንት ይቆማል።

ለእኚያ እናት በአራተኛው ሙከራ የነገርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ ስግደታቸውን አጥፈው ሳያስቀምጡ ጫማ ያድርጉ፤ ግቢውን ለአሥር ደቂቃ ይዙሩ። ምግቡን ለጊዜው አይንኩት። «ይሄ ምን ይሠራል?» ብለው ሳቁ። ጉልበታቸውም ያማቸው ነበር። ሆኖም ዑምራ የመሄድ ኒያ ስለነበራቸው «እግሬን ላለማምደው» ብለው ጀመሩ። ከልጃቸው ሚስት ጋር ይወጣሉ። በሦስተኛው ወር አሥሩ ደቂቃ ወደ ግማሽ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ጨምሩ ያላቸው ሰው የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ድሮ «ከአሥር ደቂቃ ያነሰ አይቆጠርም» ይባል ነበር፤ አሁን ያ ቀርቷል፤ አምስት ደቂቃም ትቆጠራለች። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ እህቶች ደረጃው ራሱ ጂም ነው፤ ክፍያም የለውም። ከሱብሒ በኋላ ጨለማ ስለሆነ መውጣት ለማይመቻችሁ፣ ለሴት ብቻ የሆነ ስፖርት ቤት ለሌላችሁ፣ ኮሪደር ውስጥ መመላለስም ይሆናል። ወንድሞች ደግሞ፣ በተለይ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ውስጥ የምትቀመጡ፣ ዙህርን ቅርብ ካለው መስጂድ ይልቅ ራቅ ወዳለው በእግር ሄዳችሁ ስገዱ፤ ማታም ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሶላትን ራሱን እንደ ስፖርት ቆጥረው «ሩኩዕ ለወገብ፣ ሱጁድ ለሆድ» እያሉ የሚጽፉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በመድረሳ የተማርኩት ሶላት ዒባዳ መሆኑን ነው፤ እንቅስቃሴውም ለብቻው ኪሎ ለመቀነስ የሚበቃ አይደለም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ በቀን አምስት ጊዜ የማንረሳው ሰዓት አለን፤ አንድ ትንሽ ነገር ከአንዱ ሰዓት ጋር ብናስረው አይጠፋብንም።

ከእግር ጉዞው ሌላ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር በሳምንት ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይቀንሳልና። ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ክንድን ማጠፍና መዘርጋት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ወፍራም ሰው አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶች ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው ሲበራ አያለሁ።

ስኳሩ፣ ዘይቱና ትሪው

ከሁለት ወር በኋላ ወደ ምግቡ ገባን። መጀመሪያ ሻዩ። እኚያ እናት በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣሉ፤ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር። አሥራ አምስት ማንኪያ ማለት ነው። አንዱ ማንኪያ አራት ግራም ቢሆን 60 ግራም ስኳር፣ 240 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ቢራመድ የሚያቃጥለው ወደ 140 ኪሎ ካሎሪ ነው። ጉዞውን ሻዩ በልቶት ቁጭ ይላል! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 እንደመከረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም ባይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም ቢወርድ ይመረጣል። በ330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ብቻ 35 ግራም ያህል አለ።

«ነገ ስኳር ተዉ» ብላቸው ኖሮ ከነገ ወዲያ ይመለሱበት ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብቻ ቀነሱ። ምላስ ቀስ ብሎ ይለምዳል። አሁን አንድ ማንኪያ ላይ ናቸው፤ ልጃቸው ቤት ሄደው ሦስት ማንኪያ የተጨመረበት ሲቀርብላቸው «ይሄ ሽሮፕ ነው እንዴ?» አሉ።

ዘይቱን ደግሞ በዚህ መንገድ ሞክሩት። የአምስት ሊትር ጀሪካን ስትከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ላዩ ላይ ጻፉበት፤ ሲያልቅም እዩት። አምስት ሰው ባለበት ቤት በ15 ቀን ካለቀ እያንዳንዱ ሰው በቀን ከዘይት ብቻ 550 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያገኛል። 25 ቀን ከቆየ ወደ 330 ይወርዳል። ልዩነቱ ማንም ሳይራብ በየቀኑ 220 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ የዘይትን ዋጋ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። እኚያ እናት ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እያቁላሉ ዘይቱን መጨረሻ ላይ መጨመር ጀመሩ። የመጀመሪያው ጀሪካን 15 ቀን ነበር የቆየው፤ አሁን 24 እና 25 ቀን ይደርሳል። ባለቤታቸው እስካሁን አላወቁም ይሉኛል። ይህን ጽሑፍ ካነበቡ አሁን ያውቃሉ።

ሌላው ትሪው ነው። አብሮ መብላት በረካ ነው፤ አይቅር። ችግሩ በአንድ ትሪ ላይ ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። እንጀራ እላዩ ላይ ይጨመራል፤ ወጥ ይፈስበታል፤ ጉርሻ ይመጣል። ከፊት ለፊት መብላት ከልጅነታችን የተማርነው አደብ ነው። እሱን ይዞ ድርሻን መጀመሪያ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ጎመኑንና ሰላጣውን አስቀድሞ መብላት፣ እንጀራ መጨመር ሲያስፈልግ ግማሹን ብቻ መጨመር ይቻላል። እራትን ከዒሻ በኋላ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከመብላት በመግሪብና በዒሻ መካከል ማድረግም ጥሩ ነው። እኚያ እናት እንደነገሩኝ ከሁሉም የረዳቸው ይኸው ነው፤ ከእራት በኋላ ለዒሻ ስለሚነሱ ተቀምጦ መጎርጎር ቀረ።

ሳምቡሳን በተመለከተ ጠላት አታድርጉኝ። በቴምርና በውሃ አፍጥራችሁ፣ መግሪብን ሰግዳችሁ፣ ሾርባውን ጠጥታችሁ ከዚያ ወደ ሳምቡሳው ብትመጡ ስንት እንደምትበሉ ራሳችሁ ቁጠሩ። እኛ ቤት ከአራት ወደ ሁለት ወርዷል።

«ጫት ያከሳል» የሚሉኝም አሉ። ለጥቂት ሰዓት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን አብሮት የሚጠጣውን የስኳር ሻይና ለስላሳ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚመጣውን ረኃብ፣ የሚጠፋውን እንቅልፍና የሚጨምረውን የደም ግፊት ደምሩበት። በዚህ ዙሪያ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

«ከሳሽ፤ ምን ነካሽ?»

እኚህን እናት ከምግቡም ከጉዞውም በላይ የፈተናቸው የሰው አፍ ነው። እኛ ዘንድ «ወፍረሽ አምሮብሻል» ምርቃት ነው፤ «ከሳሽ» ግን የሐዘን ቃል ነው። አምስት ኪሎ ሲቀንሱ ጎረቤት «ስኳሩ ጨመረባት መሰለኝ» ብሎ አወራ። ዝየራ ሲሄዱ «ብይ እንጂ፣ ለእኔ ስትይ» ይባላሉ፤ ትንሽ ከበሉ ኩራት ይመስላል። ሊተዉት ደርሰው ነበር። በኋላ አንድ ዘዴ አገኙ። ትንሽ ይቆርሱና በዝግታ ይበላሉ፤ ሲጨመርላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ጣፍጦኛል፤ ለልጆቹ ቋጥሪልኝ» ይላሉ። ባለቤቷም ደስ ይላታል። እናንተም የሰው ኪሎ ሲቀንስ አይታችሁ በሽታ አትፈልጉለት፤ ሲጨምርም አታሽሟጥጡት።

ከዚያም እህታቸው ሞተች። ሦስት ሳምንት ሐዘን ቤት ተቀምጠው ዋሉ፤ የመጣውን በሉ፤ ጉዞ የለም። ሁለት ኪሎ ተኩል ጨመሩ። «ያው እንደ ድሮው ነው፤ አለቀልኝ» አሉኝ። እኔም «ዛሬ ከዐስር በኋላ አምስት ደቂቃ ብቻ» አልኳቸው። ካለፉት ሦስት ሙከራዎች የተለየው እዚህ ጋ ነው። የማርና ሎሚው ጊዜ ሲቋረጥ የሚመለሱበት ነገር አልነበራቸውም። አሁን ግን የሚመለሱበት ሰዓት አላቸው።

በ14 ወር ውስጥ ከ93 ወደ 86 ወረዱ። ሰባት ኪሎ ብቻ ትሉ ይሆናል። ይህ ቁጥር እንዳይናቅ ልንገራችሁ። በአሜሪካ 3,234 ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ሰዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። በጥናቱ ለአንዱ ቡድን የተሰጠው ግብ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። ይህ ቡድን በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን ኪኒን የወሰደው ቡድን የቀነሰው በ31 በመቶ ነው። ከ93 ኪሎ 7 በመቶ ስድስት ኪሎ ተኩል ነው። ኪኒን የምሸጥ ሰው ይህን ስጽፍ እመኑኝ።

ሚዛን ካስጨነቃችሁ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገባችሁን በእምብርት ዙሪያ ለኩ። ሴት ከ80፣ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ የልብና የስኳር በሽታ ስጋት እየጨመረ ነው ማለት ነው።

መድኃኒት ለምትወስዱ

ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይህን ሳልናገር ብቀር ጥፋት ይሆንብኛል። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ምግብ ከመቀነሳችሁ፣ የሰኞና የሐሙስ ጾምም ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ ምግቡ ሲቀንስ ስኳር በድንገት ይወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ያስፈልጋል። ኪሎ ሲቀንስ የግፊት መድኃኒትም መጠኑ ሊበዛ ስለሚችል መለካት አትተዉ። በሌላ በኩል ራሳቸው ኪሎ የሚጨምሩ መድኃኒቶች አሉ፤ ኢንሱሊን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ በአንዳንድ ሴቶች ላይም በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ «ይህ ይሆን እንዴ?» ብላችሁ ግን ጠይቁ።

ስለ አዲሱ የማቅጠኛ መርፌ በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። ሴማግሉታይድ ይባላል። ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናት ተጠቃሚዎቹ በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። መርፌው በቆመ በዓመቱ ግን ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። ውፍረቱ ለሕይወቱ አስጊ ለሆነ ሰው ሐኪም ሊያዝለት ይችላል። በስልክ ታዝዞ፣ በማን እጅና በምን ቅዝቃዜ እንደመጣ የማይታወቅ ብልቃጥ ግን አትወጉ። እኔ ያን ቡና ስጠጣም የላኩልኝ የምወዳቸው ዘመዶቼ ነበሩ።

እኚያ እናት ዑምራቸውን አድርገው ተመለሱ። በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው ሰባት ጊዜ ምልልስ ሲደመር ከሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሁለት ጊዜ አረፍ ብለው በእግራቸው ጨረሱት። ቴምር ይዘውልኝ መጡና እንደ ልማዳቸው ሚዛኗ ላይ ወጡ። 87። አንድ ኪሎ ጨምረዋል። ልክ ናት ወይ ብለው አልጠየቁኝም። መድኃኒታቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ሰዓታቸውን አዩ፤ «ዐስር ሊደርስ ነው፤ ዛሬ በእግሬ ነው የምሄደው» ብለው ወጡ።